ዕቃዎን በኢንተርኔት ሊሸጡ ነው? ፎቶው ከእርስዎ በፊት ይናገራል

ቤት ስንቀይር፣ ልጅ አግብቶ ሲወጣ ወይም አዲስ ፍሪጅ ሲገባ በየቤታችን የሚተርፍ ዕቃ አይጠፋም። ብዙዎቻችን ያንን ዕቃ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ እናወጣዋለን፤ አለዚያም «አልቴ ዛኽን» እያለ በመኪና ለሚዞረው ሰው በማይረባ ዋጋ እንሰጠዋለን። ያው ዕቃ በያድ 2 ወይም በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ቢወጣ ግን ደህና ገዢ ሊያገኝ ይችላል። ማስታወቂያ አውጥተው «ማንም አልደወለልንም» የሚሉ እናቶችና አባቶችም አሉ። ማስታወቂያቸውን ስናየው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ዕቃው ላይ ወይም ዋጋው ላይ ሳይሆን ፎቶው ላይ ነው፤ ጨለማ ውስጥ የተነሳ፣ የደበዘዘ ወይም ግማሹ የተቆረጠ ሆኖ እናገኘዋለን።

በዛሬው ትምህርታችን በእጃችን ባለው ስልክ፣ ምንም ሳንገዛ፣ ጥሩ የሽያጭ ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ እናያለን። ፎቶው ከሚያመጣው ገንዘብ ጋር አብሮ ሊመጣ ከሚችለው ተንኮል እንዴት እንደምንጠበቅም እንጨምራለን።

ፎቶው የገዢው እጅ ነው

በአገር ቤት ገበያ ገንቦ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ይሰማል። ጤፍ የሚገዛ ዘገን አድርጎ በመዳፉ ላይ ያየዋል። በሬ የሚገዛ ጥርሱን ይመለከታል። በስልክ ገበያ ግን ገዢው መንካትም ማንኳኳትም አይችልም፤ ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶ ከማንሳታችን በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፤ «ይህን ዕቃ እኔ ብገዛው ምኑን ነክቼ፣ ምኑን ከፍቼ አይ ነበር?» መልሱ የትኞቹን ፎቶዎች ማንሳት እንዳለብን ይነግረናል።

ዕብራይስጥ መጻፍ ለሚከብደን ደግሞ ፎቶው ከዚህም በላይ ነው። ረጅም መግለጫ መጻፍ ባንችል እንኳ ጥሩ ፎቶዎች የገዢውን ጥያቄ አስቀድመው ይመልሳሉ፤ የስልክ ክርክሩንም ያሳጥራሉ።

ከማንሳት በፊት

አንደኛ፣ የስልኩን የካሜራ መስታወት በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። ስልክ ኪስ ውስጥና ወጥ ቤት ስለሚውል የጣት ቅባት ይይዛል፤ ፎቶው ጭጋግ የለበሰ የሚመስለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ያጽዱ። አቧራና የእጅ አሻራ በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው፤ በፎቶ ላይ ግን ዕቃውን ያስረጀዋል።

ሦስተኛ፣ ከኋላው ያለውን ቦታ ያንሱ። የተሰጣ ልብስ፣ ያልታጠበ ሳህን ወይም የልጆች መጫወቻ ከኋላ ከታየ የገዢው ዓይን ወደዚያ ይሄዳል። ነጭ ግድግዳ ይበቃል። ግድግዳ ከሌለ ያልተጨማደደ አንሶላ ከኋላ መስቀል ይቻላል።

ብርሃን ከካሜራ ይበልጣል

ውድ ስልክ በጨለማ ከሚያነሳው ርካሽ ስልክ በደህና ብርሃን የሚያነሳው ይሻላል። ከሁሉ የሚመረጠው በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ነው። መስኮቱን ከጀርባዎ ወይም ከጎንዎ አድርገው ይቁሙ። መስኮቱ ከዕቃው ጀርባ ከሆነ ካሜራው የመስኮቱን ብርሃን ተከትሎ ዕቃውን ያጠቁረዋል።

የእኛ አገር የቀትር ፀሐይ ደግሞ ኃይለኛ ነው። በቀጥታ ሲያርፍ አንዱን ጎን ያነጣዋል፣ ሌላውን በጥላ ይደብቀዋል። በሚርፔሴት ላይ የሚያነሱ ከሆነ ጥላ ያለበትን ቦታ ወይም ጠዋትንና የከሰዓቱን ማብቂያ ይምረጡ። ቤት ውስጥ በቀን ሲያነሱ አምፖሉን ያጥፉት፤ የአምፖል ቢጫና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ የዕቃው ቀለም ይለወጣል። «በፎቶው ላይ ነጭ ነበር፣ ሲመጣ ክሬም ሆነ» የሚለው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የስልኩን ፍላሽም ያጥፉት። በሚያብረቀርቅ ዕቃ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተክላል፤ የቀረውንም ጠፍጣፋ ያስመስላል።

አቋምና ርቀት

በጣት እያሰፉ ማቅረብ (ዙም) በብዙ ስልኮች ላይ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ይልቁንስ በእግርዎ ይጠጉ። ስልኩን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ክንድዎን ከጎንዎ ያስጠጉ፤ እጅ ለሚንቀጠቀጥባቸው ወላጆች ስልኩን ወንበር ወይም ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ማንሳት ይረዳል። ከዚያ በስክሪኑ ላይ ዕቃው ያለበትን ቦታ በጣትዎ አንድ ጊዜ ይንኩ። ይህ ካሜራው ያንን ቦታ አጥርቶ እንዲያይና ብርሃኑን በእሱ ልክ እንዲያስተካክል ያደርገዋል።

ከፍታውም ለውጥ አለው። ሶፋን ቆመው ከላይ ካነሱት ያጠረና የተጨፈለቀ ይመስላል። ጎንበስ ብለው በዕቃው መካከለኛ ቁመት ልክ ያንሱት። ዕቃው ሙሉ በሙሉ ፎቶው ውስጥ ይግባ፤ እግሩ ወይም ጫፉ አይቆረጥ።

ስንት ፎቶ? ምን ምን?

ፍሪጅን ለምሳሌ እንውሰድ። የሚከተሉት ስድስት ፎቶዎች ይበቃሉ።

1. ከፊት ለፊት ሙሉው፣ በሩ ተዘግቶ።
2. ትንሽ ከጎን፣ ስፋቱና ጥልቀቱ እንዲታይ።
3. በሩ ተከፍቶ፣ ውስጡ ባዶና ንጹሕ ሆኖ፣ መብራቱ በርቶ።
4. የሞዴሉ ቁጥር ያለበት ወረቀት። በፍሪጅ ላይ ብዙ ጊዜ ከውስጥ በጎኑ ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ በልብስ ማጠቢያ ላይ በበሩ ዙሪያ፣ በቴሌቪዥን ላይ ከጀርባ ነው።
5. ሜትር ተዘርግቶበት ስፋቱና ቁመቱ የሚነበብበት። ገዢው በበሩና በወጥ ቤቱ መግባቱን ማወቅ ይፈልጋል።
6. ጭረት፣ ስንጥቅ ወይም የጎደለ ነገር ካለ እሱ ብቻ፣ በቅርብ።

የመጀመሪያ ሆኖ የሚለጠፈው ፎቶ ከሁሉ ግልጽ የሆነው ይሁን፤ ገዢው ማስታወቂያዎችን ሲያሳልፍ የሚያየው እሱን ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ለሚሠራ ዕቃ ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ቢኖር ከብዙ ቃል ይበልጣል።

እንከኑን አይደብቁ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። የተሰበረውን እጀታ በፎቶ ያላየ ገዢ ደጅዎ ቆሞ ያየዋል። ያኔ ወይ ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ከጭረቱ ዋጋ በላይ ያስቀንሳል። አስቀድሞ አይቶ የመጣ ገዢ ግን ወስኖ ነው የመጣው።

የሕግም ጉዳይ አለው። ሻጩ ነጋዴ ባይሆንም እንኳ የሚያውቀውን ትልቅ ጉድለት ደብቆ ቢሸጥ፣ በ1973 በወጣው የእስራኤል የውል ሕግ መሠረት ማታለል ተብሎ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ጉድለቱን የሚያሳይ ፎቶ በማስታወቂያው ላይ ካለ ግን «አልነገርከኝም» ለሚል ሰው ማስረጃዎ እሱ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከተሸጠ በኋላም ፎቶዎቹንና የተጻጻፉትን ወዲያው አያጥፉ።

እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ጠባይ አለው

ቴሌቪዥን፣ መስተዋትና የሚያብረቀርቅ ፍሪጅ፦ ፊት ለፊት ከቆሙ የእርስዎም ምስል ይገባል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይበሉና ትንሽ አዘንብለው ያንሱ።

የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ፦ ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጠቁረዋል፤ ነጩም ግራጫ ይሆናል። ልብሱን በስክሪኑ ላይ ነክተው በአጠገቡ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ በማንሸራተት ያድምቁት። ቀሚሱን ይተኩሱት፣ በመስቀያ ይስቀሉት፤ ጥበቡን ለብቻው በቅርብ ያንሱ።

ሰፌድ፣ መሶብና ሙዳይ፦ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የስፌቱን መስመር ያወጣዋል፤ ከፊት የመጣ ብርሃን ግን ይሸፍነዋል። አንዱ ፎቶ ከላይ፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ደግሞ የሥራው ጥራት የሚታይበት የታችኛው ክፍል ይሁን። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የቡና ሲኒ ያስቀምጡ።

የሸክላ ሥራ፦ ጥቁር ሸክላ በጥቁር ጠረጴዛ ላይ ይጠፋል። ከኋላው ፈዛዛ ቀለም ያለው ጨርቅ ያድርጉ።

በፎቶው ላይ መታየት የሌለበት

ፎቶውን ከመለጠፍዎ በፊት በጣትዎ አስፍተው ጥግ ጥጉን ይመልከቱ። የልጆችና የልጅ ልጆች ፊት፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ቴዑዳት ዜሁት፣ ከባንክ ወይም ከኩፓት ሖሊም የመጣ ደብዳቤ፣ የተሰቀለ የቤት ቁልፍ፣ የመኪና ታርጋ፣ ወርቅና ውድ ዕቃ አይታዩ። በማስታወቂያው ላይ ከተማውንና ሰፈሩን መጻፍ ይበቃል፤ የቤት ቁጥር አይጻፍ።

ፎቶውን ስንልክ

ብዙ ወላጆች ፎቶውን ለልጃቸው በዋትስአፕ ልከው ልጁ ይለጥፍላቸዋል። ዋትስአፕ ግን ፎቶውን ያሳንሰዋል፤ ተለጥፎ ሲታይም የደበዘዘ ይሆናል። ሁለት መፍትሔ አለ፦ ከመላክዎ በፊት «ኤችዲ» የሚለውን መንካት፣ ወይም ፎቶውን እንደ ሰነድ አድርጎ መላክ። እንደ ሰነድ የተላከ ፎቶ ግን የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ለቤተሰብ እንጂ ለማይታወቅ ገዢ እንዲህ አይላክ። የፎቶውን ስክሪን ሾት አንስቶ መላክም ጥራቱን ይቀንሳል።

ጥሩ ፎቶ ተንኮለኛንም ይጠራል

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ጥሩ ማስታወቂያ ሲወጣ አንዳንዴ የሚጽፍልን ሰው ገዢ አይደለም። ዋጋ አይከራከርም፣ ዕቃውን ማየትም አይፈልግም፤ «ከፍዬአለሁ፣ መልእክተኛ እልካለሁ፣ ገንዘቡን ለመቀበል ይህን ሊንክ ይክፈቱ» ይላል። ሊንኩ የታወቀ ድርጅት ገጽ የሚመስል ሲሆን የክሬዲት ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። ይህን አንድ ሕግ እንያዝ፦ ገንዘብ ለመቀበል የካርድ ቁጥርና በጀርባው ያለውን ሦስት አኃዝ መስጠት አያስፈልግም። በኤስኤምኤስ የመጣልንን የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አንስጥ።

ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቢት ይሁን። በቢት ሲሆን ገዢው የሚያሳየንን ስክሪን አንመን፤ ገንዘቡ መድረሱን በራሳችን ስልክ አይተን ዕቃውን እንስጥ። ገዢው ሲመጣ ብቻችንን አንሁን፤ ልጅ ወይም ጎረቤት ይኑር። ትንሽ ዕቃ ከሆነ ሰው በሚበዛበት ቦታ በቀን እንገናኝ።

ቁጥራችንን ሰጥተን ከሆነ ሳንውል ሳናድር ለካርድ ድርጅቱና ለባንኩ ደውለን ካርዱን እናሳግድ፤ ለፖሊስም እናመልክት። ሊንኩ አጠራጣሪ ሲመስለን ለብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤት በ119 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

እኛ ገዢ ስንሆንስ?

ስለ ፎቶ ያወቅነው ሲገዙም ይጠቅማል። ፎቶው ከማስታወቂያ መጽሔት የወጣ የሚመስል ከሆነና ዋጋው በጣም ከረከሰ እንጠርጥር። «ዛሬ፣ ከዕቃው አጠገብ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት አድርገው አንድ ፎቶ ይላኩልኝ» እንበል፤ ዕቃው በእጁ ያለ ሰው በቀላሉ ያደርገዋል። በጉግል የምስል ፍለጋ ፎቶው ሌላ ቦታ ወጥቶ እንደሆነ ልጆቻችን ሊያዩልን ይችላሉ። የኪራይ ቤት ከሆነ በአካል ገብተን ሳናይ ቅድሚያ አንክፈል፤ የሌላ ሰው ቤት ፎቶ ለጥፎ ገንዘብ ተቀብሎ መጥፋት የታወቀ ዘዴ ነው።

ሌላም ልዩነት እናስተውል። ከነጋዴ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው በእጁ ከገባ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን የመሰረዝ መብት አለው። ዕድሜው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው ዖሌ ደግሞ ከነጋዴው ጋር ተነጋግሮ ወይም ተጻጽፎ ከገዛ 4 ወር አለው። ከዚህ መብት የማይገቡ ዕቃዎች አሉ። ያገለገለ ዕቃውን ከሚሸጥ ጎረቤት ስንገዛ ግን ይህ የመሰረዝ መብት የለም፤ ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት በደንብ እንመልከት።

የእጅ ሥራ ለሚሸጡ እናቶች

የቤት ዕቃን አንድ ጊዜ መሸጥና ሰፌድ፣ ሸክላ ወይም ጥልፍ እየሠሩ ሁልጊዜ መሸጥ አንድ አይደሉም። ሁልጊዜ ለገቢ የሚሸጥ ሰው፣ ገቢው ትንሽ ቢሆንም፣ በማዓም፣ በማስ ሃኽናሳና በቢቱዋሕ ሌኡሚ ፋይል መክፈት አለበት፤ ለአነስተኛ ሥራ የተለመደው መንገድ ዖሴክ ፓቱር ይባላል። ሃቭታሓት ሃኽናሳ ወይም ሃሽላማት ሃኽናሳ የሚቀበሉ ሰዎች ደግሞ ገቢያቸውን ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ማሳወቅ አለባቸው፤ ሳያሳውቁ ቀርተው በኋላ ዕዳ እንዳይመጣ ከመጀመራቸው በፊት ሄደው ይጠይቁ።

የቤት ሥራ

ዛሬ አንድ ዕቃ ይምረጡ፤ ጀበናም ይሁን። ማታ በአምፖልና በፍላሽ አንድ ፎቶ ያንሱት። ነገ ጠዋት መስታወቱን ጠርገው፣ በመስኮት አጠገብ፣ ነጭ ጨርቅ ከኋላው አድርገው ሌላ ያንሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን ለልጅዎ ያሳዩና «የቱን ትገዛለህ?» ብለው ይጠይቁት።