ሚዛን ለማነጽ እንጂ ለመጣል አይደለም



ሰው በሚመዘንበት ነገር ይተጋል፤ በማይመዘንበት ነገር ግን ቀስ በቀስ ይሰንፋል። ተማሪ መምህሩ የሚጠይቀውን ያጠናል፤ ሠራተኛም አለቃው የሚመረምረውን ያሳምራል። ስለዚህ መስፈርትን የሚያወጣ ሰው የሌላውን ሥራ ከመመዘኑም በላይ የሠራተኛውን ልብ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስን ነው። መምህሩ፣ ወላጁ፣ የንስሐ አባቱና የደብሩ አስተዳዳሪ ሁሉም በየድርሻቸው መዛኞች ናቸውና ይህን ነገር መመርመር ለሁላችንም ይገባናል።

በአገራችን በቅርብ ዘመን የሆነውን እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከልከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑትም መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በሁለቱም ዓመታት አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 ይበልጡ ነበር።

ይህን የሰማ ሁሉ ደነገጠ። ነገር ግን የአገሪቱ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ አእምሮአቸውን አላጡም። ኩረጃው ሲከለከልና የማለፊያው ነጥብ ከፍ ሲል ለብዙ ጊዜ ተሸፍኖ የኖረው ጉድለት በግልጥ ታየ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 በከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሚዛን መያዝ የተከለከለው ለገበያ ብቻ የተነገረ አይምሰለን። በገበያ ሐሰተኛ ሚዛን ገዢውን ይጐዳል፤ በትምህርት ቤት ግን የሚጐዳው የተመዘነውን ልጅ ነው። ሳይማር ተምሯል የተባለ ልጅ ከማንም አስቀድሞ የተሰረቀው እርሱ ራሱ ነውና።

ሆኖም ሚዛን እውነተኛ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ልጁ 12 ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ጉድለቱን የነገረው ሳይኖር፣ በመጨረሻው ቀን ብቻ «ወድቀሃል» ቢባል፣ ፍርድን ተቀበለ እንጂ ትምህርትን አልተቀበለም። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነጥብ ለጐደላቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የዐቅም ማሻሻያ ትምህርት መሰጠቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቁስል የሚታከመው ገና ትንሽ ሳለ ቢሆን ይሻላል።

በዚህ ረገድ የአባቶቻችን ጉባኤ ቤት የሚያስተምረን ነገር አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስና ከዚያም በላይ ይወጣል። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሻግረውም የዓመቱ መሙላት ሳይሆን የችሎታው መብሰል ነው። የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ ቢጐድል፣ ሰዋስዉ ቢሳሳት፣ ምሥጢሩም ባይሰምር እዚያው ያርመዋል። እንግዲህ በቅኔ ቤት ፈተናና ትምህርት የተለያዩ አይደሉም፤ ተማሪው የሚፈተነው በሚማርበት በዚያው ሰዓት ነው። የዛሬው ስሕተቱም የነገ ትምህርቱ ይሆናል እንጂ ዕድሜውን ሙሉ የሚከተለው ስም አይሆንበትም።

ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙርም ትምህርቱን ሲፈጽም ወደ ምስክር ቤቱ፣ ይኸውም በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ዜማውንና ምልክቱን ያቀናል። ያን ጊዜ «አስመሰከረ» ይባላል። ይህን ቃል ልብ ብለን እናስተውል። ምስክር ያላየውንና ያልሰማውን አይናገርም። መምህሩ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ተቀምጦ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ጠባዩንም አይቶ ነው የሚመሰክርለት። በወረቀት ላይ የተጻፈ ቍጥር ግን ልጁን በሚያውቅ ሰው ካልተተረጐመ በቀር ስለ ልጁ ሙሉ ምስክርነት ሊሰጥ አይችልም።

ይህን ስንል የእኛ ጉባኤ ቤት ከነቀፋ የራቀ ነው ማለታችን አይደለም። በአለንጋ ብዛት ከፊደል የሸሹ ሕፃናት ነበሩ፤ ምሥጢሩን ሳያስተውሉ ቃሉን ብቻ ይዘው የወጡም አሉ፤ ምስክሩን ከአገልግሎት ይልቅ ለማዕርግ የፈለጉትም አልታጡም። መልካም ሚዛን እንኳ በክፉ እጅ ሲገባ ዱላ ይሆናል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያስተማረውን የመክሊት ምሳሌ እንመልከት። ባለቤቱ ለአንዱ አምስት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ መክሊት የሰጠው ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ነው። በተመለሰም ጊዜ አምስት ያተረፈውንና ሁለት ያተረፈውን በአንድ ዓይነት ቃል አመሰገናቸው። በቍጥር ቢሆን ኖሮ የሁለተኛው ትርፍ ከመጀመሪያው እኩሌታ እንኳ አይደርስም፤ ነገር ግን የተመዘነው በተቀበለው መጠን ስለ ሆነ ምስጋናው አልጐደለበትም። ሦስተኛው የተወቀሰው ግን ፈርቶ መክሊቱን ስለ ቀበረ ነው። ጌታውን ጨካኝ አድርጎ በልቡ ስለ ሣለው እጁ ከሥራ ታሰረ። እኛም ለደቀ መዛሙርቶቻችን ጨካኞች መስለን ብንታያቸው መክሊታቸውን እንዲቀብሩ እናደርጋቸዋለን።

የንስሐ አባትም የነፍስ ሐኪም ነውና ይህን ሥርዓት ያውቃል። ለብርቱው ሰው የሚያዘውን ስግደትና ጾም ለሕመምተኛውና ለአራሷ አያዝም። ይህን የሚያደርገው ኃጢአትን አቅልሎ በማየት አይደለም፤ መድኃኒቱ በሕመምተኛው ዐቅም ካልተለካ ፈውስ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሕመም ስለሚሆን ነው።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይኸውም ለመቍጠር የሚቀለውን ብቻ መቍጠር ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ከእንስላልና ከከሙን ሳይቀር ዐሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ነው። ከሙን በሚዛን ይመዘናል፤ ምሕረት ግን በሚዛን ስለማይወጣ ተረሳ። እኛስ የደብራችንን የዓመት ሥራ ስናቀርብ ምን እንናገራለን? ይህን ያህል ገንዘብ ገባ፣ ሕንፃው እዚህ ደረሰ እንላለን። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በሒሳብ ሊጠበቅ ግድ ነውና ይህ መነገሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት ስንት ሕሙማን በየቤታቸው ተጠየቁ? ስንት እስረኞች ጐብኚ አገኙ? ስንት የተጣሉ ባልና ሚስት ታረቁ? የሚለው ጥያቄ ካልተጨመረበት ካህኑ ሳይታወቀው ገንዘብ ያዥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ንጉሡ በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀው ስለ ተራበው፣ ስለ እንግዳው፣ ስለ ታረዘው፣ ስለ ታመመውና ስለ ታሰረው እንደ ሆነ በዚያው በምዕራፍ 25 ተጽፏል። የዚህ ፈተና ጥያቄ አስቀድሞ ተነግሮናል። ሳንዘጋጅ ብንቀርብ «አላወቅንም» ብለን የምናመካኝበት የለንም።

እንግዲህ የምንመዝን ሁሉ ሦስት ነገሮችን እንጠብቅ። መጀመሪያ፣ ሚዛናችን እውነተኛ ይሁን፤ ያልተማረውን ተምሯል፣ ያልተሠራውን ተሠርቷል አንበል። ሁለተኛ፣ ለመቍጠር ስለሚቀለው ብለን የሚከብደውን አንተው። ሦስተኛ፣ ጉድለቱን የነገርነውን ሰው መንገዱን ሳናሳየው አንሂድ፤ የመዘነ ሰው ለተመዘነው ባለዕዳ ነውና።

በቤታችሁ ፈተና ያልሆነለት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፤ ውጤቱን ከጎረቤት ለመደበቅ አትድከሙ፤ ልጁንም በነቀፋ ከማዕድ አታርቁት። ይልቁንም አብራችሁት ተቀምጣችሁ የትኛው ትምህርት እንደ ከበደው፣ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደ ጠፋበት በፍቅር ጠይቁት። እናንተም አባቶች ካህናት ወደዚህ ቤት ጐራ በሉ፤ ልቡ ለተሰበረ ልጅ የአባት ምክር ትልቅ መድኃኒት ነውና። እርሱ የወደቀው በአንድ ፈተና ነው፤ እኛ ግን በዚያ ቀን ብንጥለው የምንወድቀው በፍቅር ፈተና ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።