ማኅበርተኛነትና የራስ ኅሊና

ሰው ብቻውን ይኖር ዘንድ አልተፈጠረም። ሲወለድ በሰው እጅ ይቀበሉታል፤ ሲሞትም በሰው ትከሻ ይሸኙታል። ስለዚህ አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ተረቱ። በአገራችንም ሰው ከባልንጀራው ጋራ የሚረዳዳባቸው ብዙ ሥርዓቶች አሉ፤ ገበሬው በደቦ ያርሳል፤ ነጋዴው በዕቁብ ገንዘቡን ያጠራቅማል፤ የጽዋ ማኅበርተኞች በየወሩ በተራ ይጠራራሉ፤ የሰፈር ሰዎችም በዕድር ሙታናቸውን ይቀብራሉ፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ። እነዚህን የሚንቅ ሰው ነገ ማን እንደሚያነሣው አላሰበም።

ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ የራሱ አደጋ አለው። ማኅበር ከአባሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይገባዋል። ጊዜና ጉልበትም ይጠይቃል፤ ይህም ይገባዋል። ሳይጠይቅ ቀስ ብሎ የሚወስደው አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የየራሳችን ፍርድ ነው። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ይህን ነው።

1ኛ፤ ጉዳቱ እንዴት እንደሚጀምር

አንድ ምሳሌ እናስብ። በአንድ ሰፈር ዕድር አለ እንበል። ከአባሎቹ አንዱ፥ የቀን ሠራተኛ የነበረ ሰው፥ ታሞ ስድስት ወር ተኛ፤ መዋጮውንም መክፈል አልቻለም። በሞተ ጊዜ ሚስቱ ድንኳንና የቀብር ገንዘብ ትለምን ዘንድ ወደ ዕድሩ ዳኛ መጣች። አባሎቹም ተሰበሰቡ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ያልተከፈለውን ቈጠረ፤ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል የሚለውንም ደንብ አነበበ። ዳኛው «እንግዲህ ደንቡ ይኸው ነው፤ የሚቃወም አለን?» ብሎ ጠየቀ። የተናገረ አልነበረም። ሴቲቱም ባዶ እጅዋን ተመለሰች።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ግን አንዱ ለሌላው «እኔስ በልቤ አልወደድሁትም ነበር» አለው። ያም «እኔም እንዲሁ» ብሎ መለሰለት። አንባቢ ሆይ፥ እንግዲህ ይህን ፍርድ የፈረደው ማን ነው? ብቻውን ቢሆን በመበለቲቱ ፊት በሩን ሊዘጋ የማይችል ሰው፥ ከአርባ ሰዎች ጋራ በተቀመጠ ጊዜ ዘጋው። በደሉ ለአርባ ስለ ተከፈለ ለእያንዳንዱ ቀላል መስሎ ታየው።

አፋቸውን የዘጋው ጭካኔ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሰውን ከብልግና ይጠብቃልና ጥቅም አለው፤ ነገር ግን የኅሊናን ስፍራ ሲይዝ ያጠፋል። ኅሊና «ምን አደረግሁ?» ይላል፤ ይሉኝታ ግን «ምን ይሉኛል?» ይላል። ብዙ ሰው ለሠርግና ለተዝካር ከአቅሙ በላይ ደግሶ በዕዳ የሚያዘው ስለዚህ ነው፤ ከእርሱ በፊት የደገሰውም እንዲሁ ጎረቤቱን ፈርቶ ነበር።

2ኛ፤ ይህ ድካም የሰው ሁሉ እንደ ሆነ

ይህ የአንድ አገር ሰዎች ድካም ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ያስተምር የነበረ ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1951ና በ1956 ዓመት ባሳተማቸው ጽሑፎች ይህን ገልጦ አሳየ። ተማሪዎችን በአንድነት አስቀምጦ አንድ መስመር ያሳያቸዋል፤ ከዚያም ከሌሎች ሦስት መስመሮች በርዝመት ከእርሱ ጋራ የሚተካከለው የትኛው እንደ ሆነ በየተራቸው ይናገሩ ዘንድ ይጠይቃቸዋል። ጥያቄው ልጅ እንኳ የማይስተው ነበር። ነገር ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም ከሊቁ ጋራ አስቀድመው ተስማምተው ነበርና፥ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ሐሰቱን መለሱ።

ያ ያልተነገረው ተማሪ ምን አደረገ? እንደ እርሱ ከተፈተኑት ሰዎች መልስ ከ100 37 ያህሉ ከብዙዎቹ ጋራ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ከአራት ሰዎችም ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸነፉ። ማንም አላስፈራራቸውም። አንዳንዱ የገዛ ዓይኑን ተጠራጠረ፤ ሌላው ግን እውነቱን እያወቀ ከሰው መለየትን ፈራ።

በዚያው ምርመራ ግን ደስ የሚያሰኝ ነገር ደግሞ ታየ። ከተቀመጡት መካከል አንድ ሌላ ሰው ብቻ እውነቱን በተናገረ ጊዜ፥ የተፈተነው ሰው ስሕተት እጅግ አነሰ። እንግዲህ በዕድሩ ስብሰባ አንድ ሰው ተነሥቶ ቢናገር ኖሮ፥ በመንገድ የተነጋገሩት ሁለቱ ሰዎች ባልተዉት ነበር።

3ኛ፤ ከማኅበር መሸሽ መድኃኒት እንዳይደለ

አንዳንድ የተማረ ሰው ይህን አይቶ «እንግዲያስ ብቻዬን እኖራለሁ» ይላል። ነገር ግን ነፃነት ብሎ የሚጠራው ነገር ብዙ ጊዜ ትዕቢት ነው፤ ወይም መዋጮን መሸሽ ነው። ያችን መበለት ባዶ እጅዋን የመለሱ አርባው ሰዎች ቢበድሉ፥ ከቶ ያልመጣው አርባ አንደኛው ምን ረዳት?

የአርማትያስ ሰው ዮሴፍ ከአይሁድ ሸንጎ አማካሪዎች አንዱ ነበረ። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚነግረን፥ ሸንጎው በጌታ ላይ በመከረው ምክር አልተባበረም። ከዚያም ወደ ጲላጦስ ሄዶ ሥጋውን ለምኖ ቀበረ። ማኅበርተኛ መሆንና ኅሊናን መጠበቅ በአንድ ሰው ሊገኙ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

4ኛ፤ ልናደርገው የሚገባ

ወደ ማኅበር ከመግባትህ በፊት ደንቡን አንብብ፤ ብቻህን ልታደርገው የምታፍርበትን ነገር ከብዙዎች ጋራ ሆነህ አትፈርምበት።

የምትቃወም ብትሆን በስብሰባው መካከል በትሕትና ተናገር። በሸንጎ ዝም ብሎ በመንገድ ማማት ከፍርሃትም ይከፋል።

ለተቸገረው ይከፈል የምትል ከሆንህ አስቀድመህ የራስህን ድርሻ አውጣ፤ እጁ የቀደመ ሰው ቃሉ ይሰማል።

ድምፅህ ቢሸነፍ፥ የሚጎዳው ያንተ ገንዘብና ምቾት ብቻ ከሆነ ለብዙዎቹ እሺ በል። ፍርዱ ሌላውን የሚበድል ከሆነ ግን በእጅህ እንዲፈጸም አትፍቀድ።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች

ባለፈው ዓመት በልብህ ሳትወድ ከሰው ጋራ የተስማማህበት ነገር ምን ነበር? በዝምታህ የተጎዳ ሰው አለን? ካለ፥ ዛሬ ልትክሰው የምትችለው በምንድር ነው?