ከባልንጀራ ጋር ወደ ተራራ ደን ስለ መውጣት

በመጋቢትና በሚያዝያ ወር የከተማው ሙቀት ሲበረታ፥ የቆርቆሮው ጣራ ሲግል፥ የመንገዱም አቧራ ዐይን ሲሞላ፥ ልብህ ወደ ደጋ ይሸሻል። ይህ ምኞት መልካም ነው። ሳምንቱን ሁሉ በጽሕፈት ሥራ ተቀምጦ የዋለ ወይም መጽሐፍ ሲያገላብጥ የሰነበተ ሰው፥ አንድ ቀን በእግሩ ተራራ ቢወጣ ሰውነቱ ይበረታል፥ አሳቡም ይጠራል። ባልንጀራውን ይዞ ቢሄድ ደግሞ ደስታው እጥፍ ይሆናል።

ነገር ግን ይህች የአንድ ቀን መንገድ መዝናኛ ብቻ ሳትሆን የጠባይ መፈተኛም ናት። በከተማ ለብዙ ዓመት ተሸሽጎ የኖረ ጠባይ በአንድ አቀበት ላይ ይገለጣል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ እንማራለን፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች አብረው ሲሄዱ የመንገዱ ልክ የደካማው እርምጃ መሆኑን ነው።

፩. ስለ ቦታው

ምሳሌ እንዲሆነን አንድ የታወቀ ደን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ ከሰበታ ከተማ በላይ፥ ወጨጫ የሚባል ተራራ አለ። ይህ ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ፥ እሳቱም ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ያለፈው ነው። ከፍታው 3385 ሜትር ይሆናል። በጎኑም የመናገሻ ሱባ ደን ተዘርግቷል። በደኑ ውስጥ ጥድ፥ ዝግባና ወይራ አሉ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ ይገኛል፤ ወደ ጫፉ ሲቀርቡም ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ ይበዛል። በዛፎቹ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጕር ያለው ጉሬዛ ቅጠል ሲመገብ ይታያል፤ ለቀስታ ሄያጅም ድኩላ ከጥሻው ውስጥ ብቅ ይልለታል።

ስለዚህ ደን በትውፊት የሚነገር ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በዚህ ተራራ ላይ አስተከሉ ይባላል። ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ዘሩን የሚተክል ሰው በጥላው ለመቀመጥ አይተክለውም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ነው እንጂ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምሳር ቢያርፍበትም ደኑ ፈጽሞ አልጠፋም። ዛሬ አንተ በጥላው ብታርፍ፥ ከአንተ በፊት የነበሩ ሰዎች ሊቈርጡት ሲችሉ ስለ ተዉት ነው። ይህን በልብህ ያዝ፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ደጋው ስለ ምን ይቀዘቅዛል? አየር ከፍ ባለ መጠን ይሳሳል፥ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ በየ1000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። የአዲስ አበባ መካከለኛው ክፍል በ2400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ የወጨጫ ጫፍ ከከተማው በ6 ዲግሪ ያህል ሊቀዘቅዝ ይችላል። ደኑም በበኩሉ ፀሐይን ይጋርዳል፤ ዛፍ ከሥሩ የጠጣውን ውሃ በቅጠሉ እንፋሎት አድርጎ ሲያወጣ በዙሪያው ያለውን አየር ያበርዳል።

ነገር ግን አስተውል፤ ያ ቀዝቃዛ አየር ስስ አየር ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከአሥር እጅ ሰባቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ያጥራል፥ ልብም ይመታል። ከቆላ በቅርብ ቀን የመጣ ሰው ሰውነቱ ይህን አየር እስኪለምድ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ባልንጀራው ወደ ኋላ ሲቀር ሰነፍ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ይህን የማያውቅ ነው።

፪. ስለ በደሌ

ይህን የምጽፍልህ ተነግሮኝ ብቻ አይደለም፤ በድዬ ተምሬአለሁና። በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ከአንድ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ጋር ወደዚህ ተራራ ወጣሁ። እርሱ በቆላ አገር ሥራ ይዞ ሦስት ዓመት ኖሮ ለዕረፍት የመጣ ነበረ። ከደኑ በር ስንነሣ ጧት 2 ሰዓት ነበረ። በመጀመሪያው ሰዓት እየሣቅን፥ የቀድሞውን እያነሣን ሄድን። ከዚያ በኋላ ግን እርሱ ዝም አለ፥ ወደ ኋላም ቀረ።

እኔም ከፊት እየሄድሁ፥ በየጊዜው ቆሜ እጠብቀው ነበር። ይህን በማድረጌም ራሴን እንደ መልካም ባልንጀራ ቈጠርሁ። ነገር ግን ያደረግሁትን ተመልከት፤ እርሱን ስጠብቅ እኔ አረፍሁ፤ እርሱ በደረሰ ጊዜ ግን ወዲያው ተነሥቼ ሄድሁ። እንዲሁም ብርቱው አምስት ጊዜ ሲያርፍ ደካማው አንድ ጊዜ እንኳ አላረፈም።

6 ሰዓት ሲሆን ከአንድ ኮሶ ሥር ደረስን። እርሱም፥ «ጥቂት ልረፍ፤ አንተ ሂድና ጫፉን አይተህ ተመለስ» አለኝ። ቃሉን ሰማሁ እንጂ ፊቱን አልተመለከትሁም። ሸክም እንዳይሆንብኝ ጋቢዬን ከእርሱ ዘንድ ትቼ፥ የሁለታችን ውሃ ያለበትን ኮዳ ግን በትከሻዬ እንደ ያዝሁ ሮጥሁ።

ጫፉ ላይ ጥቂት እንደ ቆየሁ ጉም መጣ፤ ነጐድጓድም ተሰማ፤ ቀጥሎም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠግቼ ዝናቡ ጋብ ሲል እየተንቀጠቀጥሁ ወደ ኮሶው ወረድሁ። ባልንጀራዬ በዚያ አልነበረም። ብጠራው ድምፄን ጉሙ ዋጠው። ከአንድ ሰዓት በላይ ወዲያና ወዲህ ፈለግሁት። ወደ ታች ወርዶ ይሆናል ብዬ ወደ ታች ፈለግሁ፤ እርሱ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ነበረ።

በመጨረሻ በአስታው መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። ልብሱ ሁሉ ረጥቦ፥ ከንፈሩ ጠቍሮ ነበር። ጋቢዬን ግን አጣጥፎ በኮቱ ውስጥ በደረቱ ይዞት ነበረ። «ምን ልታደርግ ወጣህ?» ብለው፥ «ያለ ጋቢ መሄድህን ዝናቡ ሲመጣ አሰብሁ፤ ብርድ እንዳይመታህ ብዬ ነው» አለኝ። ጋቢው ደረቅ ነበረ።

ከዚያም የሸሸገኝን ነገረኝ። «ወባ ታምሜ ከአልጋ ከተነሣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። ቀንህን እንዳላበላሽብህ ብዬ ዝም አልሁ» አለ። ጋቢውን አልብሼው፥ ክንዱን በትከሻዬ ይዤ ወረድን። ሳንደርስ መሸ። ከደኑ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጩኸታችንን ሰምተው ወደ ቤታቸው አገቡን፤ እሳት አነደዱልን፥ ትኩስ ወተት ሰጡን፥ ልጃቸውንም እስከ መኪና መንገድ ድረስ እንዲሸኘን ላኩልን። ባልንጀራዬ ትኵሳቱ ተመልሶበት ዐሥር ቀን ተኛ። ከጫፉ ላይ ሆኜ ያየሁትን አገር ዛሬ ላስታውሰው ብሻ አልችልም፤ የዚያን ጋቢ ድርቀት ግን አልረሳውም።

፫. ከዚህ የምንማረው

አንደኛ፥ ከመነሣትህ በፊት ጠይቅ። «ትችላለህን?» ብለህ ግን አትጠይቅ፤ በአገራችን ይሉኝታ ያለበት ሰው ሁሉ «እችላለሁ» ይላልና። ይልቁንስ «በዚህ ሳምንት ታመህ ነበርን? እንቅልፍህ እንዴት ነበር? ጫማህ ይጠብብሃልን?» ብለህ ጠይቅ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እውነቱን መመለስ ይቀላል።

ሁለተኛ፥ ደካማው ከፊት ይሂድ። ብርቱው ከፊት ሲሄድ ደካማው ይሮጣል፤ ደካማው ከፊት ሲሄድ ግን ሁለቱም ይራመዳሉ። ትንፋሽ ሳያጥር መነጋገር የሚቻልበት እርምጃ ለሁለቱም የሚበቃ እርምጃ ነው።

ሦስተኛ፥ ባልንጀራህ በደረሰ ጊዜ ያን ጊዜ ዕረፍቱ ይጀምር። ውሃ አጠጣው፥ አስቀምጠው፥ ተነሥ የሚልህም እርሱ ይሁን።

አራተኛ፥ በመንገድ አትለያዩ። ለእያንዳንዱ የራሱ ውሃ፥ የራሱ ምሳ፥ የራሱ ሙቀት የሚሰጥ ልብስና የእጅ ባትሪ ይኑረው። በጧት ፀሐይ ብትወጣም ከቀትር በኋላ ያለውን ሰማይ አትመነው።

አምስተኛ፥ የመመለሻ ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ቍረጡ። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትጠልቃለች፥ ጨለማውም ፈጥኖ ይመጣል። ስለዚህ 7 ሰዓት ሲሆን፥ ጫፉ በዐይናችሁ ፊት ቢሆን እንኳ፥ ፊታችሁን ወደ ታች መልሱ። ነጐድጓድ ከተሰማ ግን ሰዓቱን ሳትጠብቁ ከጫፉ ውረዱ፤ ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥርም አትጠለሉ። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ጫፍ ለመድረስ የቸኰለ ብዙ ጊዜ ባልንጀራውን ይፈስሳል።

ስድስተኛ፥ ደካማው አንተ ብትሆን እውነቱን ተናገር። ባልንጀራዬ ስለ እኔ ብሎ ዝም አለ፤ ዝምታው ግን እኔንም እርሱንም ጎዳ። ድካምን መሸሸግ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ባልንጀራህን ሳያውቅ በደለኛ ታደርገዋለህ። «ታምሜ ነበር፤ እስከ ዝግባው ድረስ ብቻ እንሂድ» ማለት ነውር አይደለም።

ሰባተኛ፥ በምታልፍበት አገር እንደ እንግዳ ሁን። የተዘራ እርሻ አትርገጥ፤ ለምታገኘው ሰው «አካም ጅርቱ» ብለህ በአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ስጥ፤ እኛን የተቀበሉን ሽማግሌ ከዚያች ሰላምታ በቀር ምንም አልሰጠናቸውም ነበር። በደኑ ውስጥ እሳት አታንድድ፤ በበጋ የደረቀ ጥድና አስታ ፈጥኖ ይያያዛልና። ችግኝም አትንቀል፥ ቅርፊትም አትላጥ።

፬. ስለሚነሣ ክርክር

ምናልባት አንተ፥ «ብርቱው ስለ ደካማው ብሎ ደስታውን ስለ ምን ያጣል? ጫፍ ለመድረስ ወጥቶ ከመንገድ መመለስስ ምን ይጠቅመዋል?» ትል ይሆናል። ክርክርህ ከንቱ አይደለም። ብቻህን የወጣህ እንደ ሆነ፥ ኀይልህ እስከ ፈቀደ ድረስ ሂድ፤ ማንም አይወቅስህም። «አብረን እንሂድ» ብለህ የጠራኸው ሰው ካለ ግን ቃል ሰጥተሃል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀኑ የአንተ ብቻ አይደለም።

ስለ ጥዱ የተናገርነውን እዚህ ላይ አስብ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው መቍረጥ የሚችሉ ሰዎች ስለ ሌላው ብለው እጃቸውን ስለ መለሱ ነው። ኀይል ያለው ሰው ኀይሉን ሁሉ አለማውጣቱ ማጣት አይደለም፤ ያልተቈረጠው ጥድ ዛሬ ለአንተ ጥላ ሆኗልና። ተራራውም አይሸሽም፤ በሚመጣው ዓመት በዚያው ስፍራ ታገኘዋለህ። ባልንጀራ ግን በየዓመቱ አይበቅልም።

ይህም ሥርዐት ለተራራ ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት ፈጥኖ የሚገባው ተማሪ ከዘገየው ጋር ይቀመጣል፤ በሥራ ቤት የለመደው ሰው አዲሱን ሠራተኛ ይጠብቃል፤ በቤት ወጣቱ ከአረጋዊ አባቱ ጋር ሲሄድ እርምጃውን ያሳጥራል። ዛሬ ብርቱ የሆንህ አንተም ነገ ጕልበትህ የሚታመምበት፥ ትንፋሽህ የሚያጥርበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን ከፊትህ የሚሄደው ሰው ዘወር ብሎ ፊትህን እንዲያይህ ትወድዳለህ። እንግዲህ አንተ ዛሬ ዘወር በል።

ከትምህርቱ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ብርቱው አምስት ጊዜ ሲያርፍ ደካማው ያላረፈው እንዴት ነው? በአንተ ቤት ወይም ሥራ ይህን የመሰለ ነገር አለን?

2. ከሁለቱ ባልንጀሮች ዝም ያለው በምን በደለ? የሮጠውስ በምን በደለ?

3. በሚመጣው ቅዳሜ ከማን ጋር ልትወጣ አስበሃል? ከመነሣትህ በፊት ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?