ከማዕዱ የቀረው ግብጦ፦ የጾም በያይነቱና ዘላቂነቱ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ

መግቢያ

በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘው ኢሌቨን ማዲሰን ፓርክ የተባለው ስመ ጥር ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሥጋንና ዓሣን ትቶ ከዕፅዋት የሚሰናዳ የቅምሻ ማዕድ ማቅረብ ጀመረ። የቅምሻ ማዕድ የሚባለው እንግዳው ሳይመርጥ፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ በወሰነው ቅደም ተከተል፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚቀርብ የብዙ ምግቦች ስብስብ ነው። ለለውጡ የተሰጠው ምክንያት የምግብ አመራረት በተፈጥሮ ላይ የሚያሳድረው ጫና ነበር። ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ሥጋን ወደ ማዕዱ መለሰ፤ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የእንግዶች ፍላጎትና ገቢ ይገኙበታል።

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ረቡዕ ቀን ለምሳ የሚቀመጥ መንገደኛ በአንድ ትሪ ላይ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥርና የቃሪያ ስንግ በጥቂት በጥቂቱ ቀርቦለት ያገኛል። ይህ የጾም በያይነቱ በቅደም ተከተል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚቀርብ የአትክልትና የጥራጥሬ ቅምሻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለዚህ ከኒው ዮርኩ ታሪክ የሚነሣው ጥያቄ እዚህም ይነሣል፤ ከዕፅዋት ብቻ የተሰናዳ ማዕድ ዘላቂ የሚሆነው በምን ላይ ሲቆም ነው? ይህ ጽሑፍ በያይነቱ ጽኑ ፈላጊ ያለው ማዕድ ቢሆንም፣ የአካባቢው አፈር ከሚሻው ሰብል፣ ከግብጦ፣ ጋር ያለው ግንኙነት የላላ መሆኑን ያሳያል።

ፈላጊው፦ የጾም ሥርዓት

የኒው ዮርኩ ማዕድ የቆመው በእንግዳው ፈቃድ ላይ ነበር። የበያይነቱ ፈላጊ ግን በየዓመቱ ተመላልሶ በሚመጣ ሥርዓት የጸና ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ የሆነው ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ሲሆን፣ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ሁሉም ሲደመር ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ድረስ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላሉ። ባለ ሆቴሉ የጾም ምግብ ፈላጊ የሚበዛበትን ቀን አስቀድሞ ያውቃል፤ ጥራጥሬ የሚዘራው ገበሬም እንዲሁ። በሌላ አገር የምግብ ቤቶች በማስተማርና በማስታወቂያ ሊፈጥሩት የሚደክሙበት ፍላጎት በጎጃም ከነባሩ ሥርዓት ይገኛል።

የፍላጎት መጽናት ግን ለዘላቂነት ብቻውን አይበቃም። ማዕዱ ከየት ማሳ እንደሚመጣና ለማሳው ምን እንደሚመልስ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማሳው፦ ቀዩ አፈርና የትሪው ምንጭ

የቡሬ በርበሬ በገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ጎመኑና ድንቹም በአብዛኛው ከአካባቢው ጓሮና ማሳ ይገኛሉ። በትሪው መሐል የሚቀመጠው ምስር ግን በብዛት የሚመረተው በሸዋና በወሎ ደጋማ ሥፍራዎች ነው። ወጡ የሚሠራበት ዘይትም ብዙ ጊዜ የአገሩ ኑግ ሳይሆን ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት ነው። ስለዚህ በያይነቱ የጾም ምግብ መሆኑ ብቻ የአካባቢ ምግብ አያሰኘውም።

የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በበኩሉ የራሱ ችግር አለበት። ብርቱ ዝናብ ለዘመናት ካልሲየምንና ማግኒዚየምን እያጠበ ስለወሰደ፣ እህል በእህል ላይ መደጋገሙና የሰብል ቅሪት ከማሳ መነሣቱም ስለተጨመረበት፣ ብዙው መሬት አሲዳማ ሆኗል። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ፎስፈረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ስለሚጣበቅ፣ ገበሬው የገዛው ማዳበሪያ ሳይቀር ለሰብሉ በሚገባ አይደርስም። ኖራ መበተን የታወቀ መፍትሔ ነው፤ ይሁን እንጂ በብዛት የሚፈለግና ክብደት ያለው ግብዓት በመሆኑ ማጓጓዣው ይከብዳል።

ለዚህ አፈር የተመቸ ጥራጥሬ ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው አለ፤ ነጩ ግብጦ። ግብጦ እንደ ሌሎች ጥራጥሬዎች በሥሩ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ የአየርን ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል። ከዚህም በላይ ፎስፈረስ ሲያጥረው እንደ ብሩሽ የተሰባሰቡ ጥቃቅን ሥሮች አውጥቶ ሲትሪክ አሲድ በመርጨት የታሰረውን ፎስፈረስ ያላቅቃል። ገበሬው በጥቂት እርሻ፣ ያለ ማዳበሪያ ያመርተዋል፤ መራራነቱም ከብት እንዳይደፍረው ይጠብቀዋል። ፍሬው ከክብደቱ ሲሶ የሚሆን ፕሮቲን አለው።

የቀረበት ምክንያት፦ ምሬት፣ ውኃና ስም

ይህ ሰብል በተለመደው የሆቴል በያይነቱ ላይ እምብዛም አይታይም። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ግብጦ የሚታወቀው በቆሎነቱና በአረቄው ነው፤ ሽሮ ሆኖ የሚበላው በአመዛኙ ሌላው ጥራጥሬ ሲያጥር ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ምሬቱ ነው። ፍሬው ሉፓኒንን የመሳሰሉ አልካሎይዶች ስላሉት ሳይታጠብ ቢበላ ይመርዛል። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ለምግብ የሚውል ግብጦ በኪሎ ግራም ከ200 ሚሊ ግራም በላይ አልካሎይድ እንዳይኖረው ተደንግጓል፤ ያልታጠበው መራራ ግብጦ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአካባቢው የመታጠቡ ማረጋገጫ ምላስ ነው። ይህ ለቤተሰብ የቆየ ብልሃት ቢሆንም፣ በቀን ብዙ ሰው ለሚመግብ ሆቴል በቂ ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ድካሙ ነው። ግብጦ ይቆላል፤ ከዚያም በጆንያ ታስሮ በወራጅ ውኃ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ በመጨረሻ ልጣጩ ይገፈፋል። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ማጠቢያው ይርቃል፤ ከፍሬው የወጣው መርዝም ወደ ወራጁ ይገባል። ስለዚህ የግብጦ ዘላቂነት ከማሳው አልፎ እስከ ወንዙ ድረስ መመርመር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ስሙ ነው። ግብጦ የችግር ቀን ምግብ ተደርጎ ሲታይ ስለኖረ፣ እንግዳ በሚስተናገድበት ትሪ ላይ ማቅረቡ እንደ ንፍገት ሊቆጠር ይችላል። በያይነቱ ደግሞ የቸርነት ማሳያ ነው፤ የዓይነቱ መብዛት ለእንግዳው የተሰጠ ክብር ነው።

ወደ ማዕዱ የሚወስዱ መንገዶች

አልካሎይዳቸው አነስተኛ የሆነ ጣፋጭ የግብጦ ዝርያዎች በአማራ ክልል በተለይ ለከብት መኖነት ተሞክረዋል። የዘፍዛፊዋን ሴት ድካም የሚያቀልል መንገድ ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል፤ ምሬቱን ያጣ ሰብል ከከብትና ከተባይ የሚጠብቀውን ጋሻም ያጣል። ጣፋጩ ነጭ ግብጦ በመራራው አጠገብ ቢዘራም ንቦች ስለሚያዳቅሏቸው የዘሩ ጣፋጭነት እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ የዘር ለውጥ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ሌላው መንገድ ነባሩን አሠራር ማሻሻል ነው። መዘፍዘፉ ከወንዝ ወደ ተዘጋጀ ገንዳ ቢዛወር፣ የአልካሎይዱ መጠን በቀላል መለኪያ ቢረጋገጥና እጣቢው ለብቻው ቢወገድ፣ ሆቴሎች የሚተማመኑበት የታጠበ ግብጦ ወይም የግብጦ ሽሮ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። የሽሮ ቅመም፣ በተለይም በርበሬና ነጭ ሽንኩርት፣ ለቀሪው የግብጦ ጣዕም የተመቸ ነው፤ ከባቄላ ሽሮ ጋር መቀላቀሉም ለለማጁ ምላስ ያቀርበዋል።

ማጠቃለያ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የአትክልትና የጥራጥሬ ማዕድ ፈላጊ አላጣም። የጎደለው በማዕዱና በአፈሩ መካከል ያለው ትስስር ነው፤ ከሩቅ የመጣ ምስር በክብር ትሪ ላይ ሲቀመጥ፣ ቀዩን አፈር የሚጠግነው ግብጦ ወደ አረቄ ጋን ይወርዳል። ገበሬው ግብጦን በሰብል ፈረቃው ውስጥ እንዲያቆየው የሚያበረታው ምክር ሳይሆን ገበያ ነው፤ ያንን ገበያ ደግሞ የጾም ሥርዓት በየሳምንቱ ያቀርብለታል።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ሦስት ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። በቤት የታጠበ ግብጦ ምን ያህል አልካሎይድ ይቀርበታል? አንድ ኪሎ ግብጦ ለማጠብ ስንት ውኃና የስንት ሰዓት የሴት ጉልበት ይፈጃል? በበያይነቱ ትሪ ላይ የግብጦ ሽሮ ቢቀርብ እንግዳው በስሙ ያውቀዋል ወይስ በጣዕሙ? የመጀመሪያው የቤተ ሙከራ፣ ሁለተኛው የመንደር፣ ሦስተኛው የሆቴል ጥናት ይሻል፤ ሦስቱ ሲገናኙ ግብጦ ከጾሙ ማዕድ የቀረው በግድ ይሁን በልማድ ይለያል።