ሸክሙን የሚችለው ውኃ

በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል፤ አንደኛው እግር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ሲሆን፥ ሁለተኛው ኃይል ነው። ጭኖና አውርዶ የሚያድረውንም ሰው የጉልበት ሠራተኛ እንለዋለን። ይህን አጭር ጽሑፍ ለመጽሔታችን እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም የአባቴ ጉልበት ነው። አባቴ በመተማ ዮሐንስ ከተማ የሰሊጥ ኩንታል ተሸክመው እኔንና እኅቶቼን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ከመደብ የሚነሡት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ነው። ምን እንደ ነካቸው ብጠይቃቸው፥ «ምን ይሆናል ልጄ፤ ኩንታሉ በላው» አሉኝ። እኔም ኩንታል የሚበላው ነገር ምን እንደ ሆነ በባዮሎጂና በፊዚክስ ትምህርት ረዳትነት ልመረምር ተነሣሁ።

በዓመት በዓል ፍየል ታርዶ ሲበለት፥ በአጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭ፥ ለስላሳና የሚያንጸባርቅ ልባስ ይታያል። ይህ ልባስ ልም አጥንት ይባላል። በሰው ጉልበት ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የደም ሥር የለውም፤ ነርቭም የለውም። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል እንደ መረብ የተጠላለፈ ጭረትና፥ በመረቡ ውስጥ የታሰረ ፕሮቴኦግላይካን የሚባል ንጥረ ነገር ነው።

ይህ ስስ ልባስ የሚሸከመው እጅግ ከባድ ነው። ሰው በሜዳ ሲራመድ በአንዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውነቱን ክብደት 2 እጥፍ ተኩል ያህላል፤ ደረጃ ሲወርድ ደግሞ ከ3 እጥፍ ያልፋል። እንግዲህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ኪሎ ተሸክሞ ሲራመድ፥ በዚሁ ስሌት ብንገምት፥ 400 ኪሎ ያህል በአንድ ጉልበት ላይ ያርፋል ማለት ነው። ታዲያ አብዛኛው ውኃ የሆነ ነገር ይህን እንዴት ይችላል?

መልሱን ለማግኘት የአገራችንን አፈር እንመልከት። በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት ጥቁር ዋልካ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ ስንጥቁም ይገጥማል። ምክንያቱ የአፈሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው መሆናቸው ነው። ይህ ቻርጅ ፖዚቲቭ አዮኖችን ይስባል፤ አዮኖቹም በበኩላቸው ውኃ ይስባሉ። በልም አጥንትም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ፕሮቴኦግላይካን ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ብዙ ክፍሎች አሉት፤ እነርሱ ሶዲየምን፥ ሶዲየሙም ውኃን ይስባል። ክፍሎቹም እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ልም አጥንቱ ሊያብጥ ሲል የኮላጅኑ መረብ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሸክም ሳይኖርበት እንኳ በደንብ እንደ ተነፋ ኳስ የተወጠረ ነው። ሊቃውንት በጣም ጨዋማ በሆነ ውኃ ሲነክሩት ግን ይለሰልሳል፤ ጨው የቻርጆቹን መገፋፋት ስለሚያዳክመው ነው።

ሸክም በድንገት ሲያርፍበት ዋናው ተሸካሚ ውኃው ራሱ ነው። ይህን ማንም ተማሪ ሊፈትነው ይችላል። እኔ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ውስጥ ቁራጭ ስፖንጅ ከትቼ ውኃ ሞላሁበት፤ አየሩንም አስወጣሁ። አፉን በጣቴ ደፍኜ ብጫነው ንቅንቅ አላለም፤ ስፖንጁም አልተጨፈለቀም። ጣቴን በጥቂቱ ሳነሣ ውኃው እየሾለከ ወጣ፤ ሸክሙም ቀስ በቀስ ወደ ስፖንጁ ተላለፈ። የልም አጥንት ቀዳዳዎች እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ውኃው ፈጥኖ አያመልጥም። ከዚህም የተነሣ በመጀመሪያው ጊዜ ከሸክሙ 90 በመቶውንና ከዚያም በላይ ውኃው ይችለዋል። ቫን ሞውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ይህን የጠጣርና የፈሳሽ ትብብር በሒሳብ ገለጹት፤ በ1991 ደግሞ አዮኖችን ሦስተኛ ተካፋይ አድርገው ጨመሩበት።

ውኃው ሲጨመቅ ፖዚቲቭ አዮኖችን ይዞ ይሄዳል፤ ኔጋቲቩ ቻርጅ ግን ከመረቡ ጋር ይቀራል። በዚህ መለያየት በጥቂት ሚሊቮልት የሚለካ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ሚሊቮልት የቮልት አንድ ሺሕኛ ስለሆነ አምፑል አያበራም፤ ነገር ግን አባቴ በተራመዱ ቁጥር ሳያውቁት ኤሌክትሪክ ይፈጥሩ ነበር።

ሸክሙ ሲወርድ ቻርጆቹ ውኃውን መልሰው ይስባሉ። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ፈጽሞ አለመንቀሳቀስም አይበጅም፤ ልም አጥንት ደም ስለማይደርሰው ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ መጫንና መለቀቅም ፈሳሹ እንዲገባና እንዲወጣ ይረዳል። እንግዲህ ለጉልበት የሚስማማው ሥራና ዕረፍት ሲፈራረቁ ነው።

ፕሮቴኦግላይካኑ ሲጎድልና መረቡ ሲላላ ውኃው በቀላሉ ያመልጣል፤ ሸክሙም በጠጣሩ ክፍል ላይ ይወድቃል። ሐኪሞች ኦስቲኦአርትራይተስ በሚሉት በሽታ የሚታየው ይህ ነው። ከባድ ዕቃ በማንሣትና በመንበርከክ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ በሽታ ይበልጥ እንደሚያዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ልም አጥንት ነርቭ ስለሌለው ሲጎዳ መጀመሪያ አይሰማም፤ ሕመሙ የሚሰማው ጉዳቱ ከቆየ በኋላ ነው። ዊልያም ሀንተር የተባለው ሐኪም የጠፋ ልም አጥንት ተመልሶ እንደማይተካ እ.ኤ.አ. በ1743 ጽፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሕክምና ብዙ ቢራመድም ችግሩ ገና ፈጽሞ አልተፈታም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፥ አንድ ዐዋቂ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በሚበልጥበት አገር ሁሉ ወደዚሁ ልክ እንዲወርድ አሳስቧል። የእኛ ኩንታል የዚህ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ባለፈው ኅዳር ለደብተርና ለልብስ መግዣ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሊጥ ተሸክሜአለሁ፤ በየመካከሉ ቁጭ የሚሉትንም ሰዎች ሰነፎች ብዬ ስቄባቸዋለሁ። አሁን ግን መሳሳቴን ዐውቄአለሁ፤ እነርሱ ውኃው እስኪመለስ ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ ወንድሞቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ኩንታሉን በሁለት ጆንያ ክፈሉት፤ ስታርፉም አትፈሩ። የጭነት ባለቤት የሆናችሁ ወላጆችም ይህን ብታስቡበት መልካም ነው።

ይህን ጽሑፍ ለአባቴ ባነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «እንግዲህ አንተ በግማሽ ተሸከም» አሉኝ።