ጥላው ስንት ወጣ? የስጦታ ገንዘብና መዝገቡ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ቆሰበር (በሌላ ስሟ እንጅባራ) ላይ፣ እንደሌሎቹ የክልሉ ከተሞች ሁሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መንገድ ዳር ጥላ ተዘርግቶ ገንዘብ ይሰበሰባል። ድንች የጫነው አይሱዙም፣ ከሰል የጫነውም ቆም ይላል፤ ረዳቱ እጁን በመስኮት ይዘረጋል። በኩንታል ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን የሚከራከር ነጋዴ እዚህ ብሩን ሰጥቶ ደረሰኝ ሳይጠይቅ ይሄዳል። ‹‹ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ልቆጥር እንዴ?›› የሚል አንባቢ ይኖራል። ሰጪው ባይቆጥር ተቀባዩ መቁጠር አለበት።

ጉዳዩ የኢኮኖሚ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችው በአብዛኛው ከመሬት በሚገኝ ገቢ ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ይህ ገቢ ቆመ። ደግነቱ፣ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤ ሥርዓት ተዘርግቶ ስለነበር የምእመናን መዋጮ ክፍተቱን ሸፈነ። ለውጡ ከገቢ ምንጭም በላይ ነው። መሬት ሪፖርት አይጠይቅም፤ አዋጪ ግን ይጠይቃል።

ጥያቄው በጉልህ የተነሣው በማኅበረ ቅዱሳን ዙሪያ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተውና በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ምሩቃን የጠነከረው ይህ ማኅበር ከአባላት መዋጮ አልፎ የኅትመትና የንዋየ ቅድሳት ሽያጭ ገቢም አበጀ። ተቺዎቹ ‹‹በቤተ ክርስቲያኒቱ ደረሰኝ ይጠቀም፣ ሒሳቡንም እርሷ ትመርምር›› አሉ። ማኅበሩ ደግሞ ሒሳቡን በውጭ ኦዲተር እንደሚያስመረምር ተናገረ። የሚገርመው፣ በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት የአስተዳደርና የፋይናንስ አሠራር ይሻሻል ተብሎ ጥናት ሲቀርብ የማኅበሩ ባለሙያዎች ከአዘጋጆቹ መካከል ነበሩ፤ የተቃወሙት ደግሞ አንዳንድ የአድባራት ኃላፊዎች ናቸው። እያንዳንዱ ወገን የሌላው ደብተር እንዲገለጥ ይሻል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክል ነበሩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች በሚወጡበት በጊዮርጊስ በዓል፣ አንድ ጥላ ለጨረታ ቀረበ እንበል። የተገዛው በ1,500 ብር ነው። በ20,000 ብር ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። አሸናፊው 8,000 ብር በእጁ ከፍሎ ቀሪውን ‹‹ድንቹ ሲሸጥ›› አለ። ድምፅ ማጉያው የሚያውጀው 20,000ውን ነው። መዝገቡ ግን ሌላ ይላል። ጥሬ ገንዘብ 8,000፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ 12,000፣ ወጪ 1,500 ብር። ዛሬ ሲሚንቶ ሊገዛ የሚችለው 6,500 ብር ብቻ ነው። አሸናፊው ጥላውን መልሶ ለቤተ ክርስቲያን ከሰጠ ደግሞ ጥላው በንብረት መዝገብ ይገባል፤ ካልገባ በከርሞው በዓል ያው ጥላ እንደ አዲስ ዕቃ ተገዝቶ ሒሳብ ሊወራረድበት ይችላል።

ኮሚቴው በእልልታው ቁጥር ተማምኖ ከሥራ ተቋራጭ ጋር የተዋዋለ እንደሆነ ግንቡ ጣሪያ ሳይለብስ ሰኔ ይደርሳል። የአዊን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሜት ነው። ሰው ‹‹በሉት›› ይላል፤ የተበላ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ግን የሚያሳይ መዝገብ የለም።

መንግሥት ይቆጣጠርልናል ማለትም አያዋጣም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ (ቁጥር 1113/2011) የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከገቢ ላይ እንዲቀነስ የፈቀደው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ወይም ለመንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ የተሰጠውን ነው፤ ያውም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ። ለደብር ሕንፃ የሰጠ ነጋዴ ወጪውን በንግድ ደብተሩ ከማስገባቱ በፊት የሒሳብ ባለሙያውን ይጠይቅ።

የቀረው የውስጥ ቁጥጥር ነው፤ እሱንም የዕድር ሰዎች ያውቁታል። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሦስት ሰዎች ናቸው። የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ ከቆጣሪው እጅ አይሁን፤ የተቆጠረው በማግስቱ ባንክ ይግባ፤ ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው። እርስዎም ሲሰጡ ደረሰኙ ላይ ‹‹ለሕንፃ›› ተብሎ ይጻፍልዎ፤ ይህ ካልተጻፈ ገንዘቡ ለደመወዝ ቢውል የሚከራከሩበት ወረቀት የለዎትም።