የመኪናችን መስታወት ሲሰበር፦ ከጥገናው በፊት ማወቅ ያለብን

እኔ እዚሁ አሽዶድ ውስጥ በኩፓት ሆሊም የምሠራ ነርስ ነኝ። «ነርስ ስለ መኪና መስታወት ምን አገባት?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኝ በአባቴ ምክንያት ነው።

አባቴ የልጅ ልጆቹን ከጋን የሚያመላልስበት አንድ ጂፖን አለው። ባለፈው በጋ በመንገድ 41 ሲመለስ፣ ከፊቱ ይሄድ ከነበረ ከባድ መኪና ጎማ ሥር የተፈናጠረ ጠጠር የፊት መስታወቱን መታው። የተመታው ቦታ ምስር ቢያህል ነው። አባቴም «ይህች ምን ታደርጋለች» ብሎ ተዋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ የዋለውን መኪና አስነሥቶ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻ ሲከፍተው፣ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

ጎረቤት ወደ ነገረው ጋራዥ ሄደ። ከኪሱ ከፍሎ አስቀየረ። ወዲያውም ልጆቹን ለማምጣት ነዳ። ማታ ላይ ግን መሪው ፊት ለፊት ቢጫ መብራት በርቶ አላጠፋ አለ። ወረቀቶቹን የሚያስቀምጥበትን ፌስታል ከፍቼ ሳይ፣ ከቢቱዋሑ ጋር የተያያዘ የመስታወት አገልግሎት ውል አገኘሁ። ለዓመታት ሲከፍልበት ኖሯል። ስንደውል የሰጡን መልስ አጭር ነበር፦ «ውሉ ላይ መጀመሪያ ለእኛ ደውሉ ይላል። ሌላ ቦታ ለተቀየረ መስታወት ገንዘብ አንመልስም።» በዚያ ላይ ለቢጫው መብራት እንደገና ከፈለ።

አባቴ ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨው ሌላ ነበር። «ዕብራይስጥ ማንበቡን ባልችል እንኳ መጠየቅ እችል ነበር» አለኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ እሱ የከፈለበትን ትምህርት እናንተ በነፃ እንድትወስዱት ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ትምህርት አንድ፦ የመኪና መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም

የፊት መስታወት ሁለት መስታወቶች ተጣብቀው የተሠራ ነው። በመካከላቸው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ስለዚህ ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ ተበታትኖ ፊታችን ላይ አይዘንብም። ይህን ሐሳብ ያገኘው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም ያስመዘገበው በ1909 ነበር።

የጎንና የኋላ መስታወቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ መንገድ የተሠሩ ናቸው። መስታወቱ ከ600 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ ድረስ ይጋላል፤ ከዚያም በአየር በድንገት ይቀዘቅዛል። ይህ በጣም ያጠነክረዋል። ሲሰበር ደግሞ እንደ ጨው ጠጠር ወደ ብዙ ትንንሽ ቁርጥራጭ ይበተናል። ስለዚህ የጎን መስታወት አይጠገንም፤ መቀየር ብቻ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የፊተኞቹ በሮች መስታወትም እንደ ፊተኛው በሁለት ንብርብር ይሠራል። የኋላ መስታወት ላይ የምታዩአቸው ቀጫጭን መስመሮች ጤዛ የሚያደርቁ የማሞቂያ ሽቦዎች ናቸው፤ አዲሱ ሲገጠም መሥራታቸውን ሞክሩ።

የፊት መስታወት ከንፋስና ከዝናብ በላይ ሥራ አለው። የመኪናው አካል እንዲጠነክር ያግዛል። በብዙ መኪኖች ደግሞ በሾፌሩ ጎን ለተቀመጠው ሰው የሚፈነዳው የአየር ከረጢት መስታወቱን ተደግፎ ነው የሚነፋው። በደንብ ያልተጣበቀ መስታወት በግጭት ጊዜ ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ከረጢቱ የሚደገፈው ነገር ያጣል።

ትምህርት ሁለት፦ ሳይቃጠል በቅጠል

ጠጠር የመታው ቦታ ትንሽ ከሆነና በሾፌሩ ዓይን ፊት ለፊት ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ መስታወቱን ሳይቀይሩ መጠገን ይቻላል። ባለሙያው በቀዳዳው ውስጥ ፈሳሽ ሙጫ ያስገባል፤ በልዩ ብርሃንም ያደርቀዋል። ሥራው አጭር ነው፤ ዋጋውም ከመቀየር በብዙ ያንሳል። ጠባሳው ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ዋናው ግን ስንጥቁ እንዳይሄድ መቆሙ ነው። ስንጥቁ ረጅም ከሆነ፣ እስከ ጠርዝ ከደረሰ፣ ወይም ሾፌሩ በሚያይበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን መስታወቱ መቀየር አለበት።

ጥገና እስክትደርሱ ድረስ እነዚህን አድርጉ፦

– የተመታውን ቦታ በንጹሕና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር ሸፍኑት። ቆሻሻና ውሃ ከገባ ሙጫው በደንብ አይዝም።
– መኪናው በፀሐይ ግሎ ከሆነ መጀመሪያ መስኮቶቹን ከፍታችሁ ሙቀቱን አስወጡ፤ ማቀዝቀዣውን ቀስ በቀስ ክፈቱ። የጋለ መስታወት በድንገት ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይሮጣል። በአሽዶድ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀት አባቴን ያገኘው ይኸው ነው።
– በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በክረምት ጠዋት ደግሞ ሙቅ ውሃ አታፍስሱ።
– በር በኃይል አትዝጉ።

«እስከ ቴስት ድረስ ይቆይልኝ» የምትሉ ካላችሁ፣ የሾፌሩን እይታ የሚከልል ስንጥቅ ያለበት መኪና በዓመታዊው ቴስት ሊወድቅ እንደሚችል እወቁ። በተለይ ዕድሜያችሁ ለገፋና በዓይናችሁ ላይ ሞራ ለጀመራችሁ፣ የማታ መብራት ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ይበተናል፤ እግረኛን ይሰውራል።

ትምህርት ሦስት፦ ማን ነው የሚከፍለው?

በብዙ ቤት ሰው «ቢቱዋሕ አለኝ» ይላል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። ልዩነቱ እንዲህ ነው።

ቢቱዋሕ ሆቫ፦ ሕግ የሚያስገድደን ነው። የሚከፍለው ለሰው አካል ጉዳት ነው። ለመስታወት አንዲት ሼቄል አይከፍልም።

ጻድ ጊመል፦ እኛ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ላደረስነው ጉዳት የሚከፍል ነው። የራሳችንን መስታወት አይሸፍንም። መስታወታችንን የሰበረው ሌላ ሾፌር ከሆነ ግን የእሱ ጻድ ጊመል ይመለከተዋል። ስለዚህ ስሙን፣ የመኪናውን ቁጥርና የቢቱዋሑን ዝርዝር እዚያው ተቀበሉ፤ ፎቶም አንሡ።

ማኪፍ፦ የራሳችንንም መኪና የሚሸፍን ነው። ሆኖም ከራሳችን የምንከፍለው ድርሻ አለ፤ ሂሽታትፉት ዓጽሚት የሚሉት ነው። በማኪፍ ካሳ ከጠየቅን ደግሞ በሚቀጥሉት ዓመታት ዋጋው ሊጨምርብን ይችላል፤ ኩባንያዎቹ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ታሪካችንን ይመለከታሉና።

ክታቭ ሼሩት ለሽማሾት፦ ይህ የመስታወት አገልግሎት ውል ነው። ከማኪፍ ወይም ከጻድ ጊመል ጋር ተጨማሪ ተከፍሎበት ይገዛል። አገልግሎቱን የሚሰጠው ውል የገባው ድርጅት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለእነሱ መደወል፣ እነሱ ወደሚልኩን ቦታ መሄድ ወይም ሠራተኛቸው እስኪመጣ መጠበቅ አለብን። አባቴ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ውል የራሱ ገደብ አለው። ለሶኼናችሁ ደውላችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ የትኞቹ መስታወቶች ተሸፍነዋል? የጣሪያው መስታወትና የጎን መመልከቻዎቹስ? ከኪሴ የምከፍለው ስንት ነው? የካሜራው ማስተካከያ በውሉ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈላል? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ በመልእክት ይላኩላችሁ።

በስማችሁ ምን ቢቱዋሕ እንዳለ ካላወቃችሁ፣ መንግሥት ያዘጋጀው «ሃር ሃቢቱዋሕ» የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት አለ። ልጆቻችሁ በመታወቂያ ቁጥራችሁ ገብተው ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። ኩባንያው ያለ አግባብ ከከለከላችሁ ደግሞ አቤቱታ የሚቀርብለት ክፍል በካፒታል ገበያ፣ ቢቱዋሕና ቁጠባ ባለሥልጣን ውስጥ አለ።

ትምህርት አራት፦ መስታወቱን የሰበረው ሮኬት ከሆነ

ከተማችን ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ሮኬት ታውቃለች። በሮኬት፣ በፍንዳታ ግፊት ወይም ከላይ በወደቀ ቁርጥራጭ መኪናው ከተጎዳ፣ ጉዳዩ በተለምዶ የግል ቢቱዋሕ አይደለም። የሚመለከተው የማስ ረኹሽ የካሳ ፈንድ ነው። የስልክ ቁጥሩ ኮከብ 4954 ነው። ማኪፍ የሌላችሁም ብትሆኑ ደውሉ።

ፖሊስና የጦር ባለሙያዎች አካባቢውን ሳይፈቅዱ ወደ መኪናው አትጠጉ፤ የወደቀውን ብረትም አትንኩ። ከተፈቀደ በኋላ መኪናውን ከሩቅም ከቅርብም፣ የሰሌዳ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሡ። ከማስጠገናችሁ በፊት ጉዳቱን አስመዝግቡ፤ ምን እንደምታደርጉ እነሱ ይንገሯችሁ። ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ።

ትምህርት አምስት፦ ጋራዡን ምን እንጠይቅ?

ከኪሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ቦታ ደውሉ። እንደ ኪያ ስፖርቴጅ፣ ሃዩንዳይ ቱሳንና ቶዮታ ራቭ ፎር ባሉ ጂፖኖች ላይ፣ ለአንድ ሞዴል ብቻ ብዙ ዓይነት የፊት መስታወት አለ። ዝናብ የሚለይ መሣሪያ ያለው፣ ድምፅ የሚቀንስ፣ ካሜራ የሚሰቀልበት አለ። ስለዚህ የመኪናውን ስም ብቻ አትናገሩ፤ በሪሽዮን ሬኼቭ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ስጧቸው።

ቀጥሎ እንዲህ በሉ፦ «ጋራዡ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው? መስታወቱ የፋብሪካው ነው ወይስ ተመሳሳይ? ዋጋው ሙጫውን፣ የዳር ጎማውን፣ ሥራውን፣ የካሜራውን ማስተካከያና 18 በመቶውን ማዓም ሁሉ ጨምሮ ስንት ነው?» ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ተመሳሳይ መስታወት ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ግን በጥጉ ላይ የታተመ ምልክት መኖሩን እዩ። የአውሮፓን ደንብ ያለፈ መስታወት በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና ቁጥር አለው።

አሁን ስለ ቢጫው መብራት። በአዳዲስ መኪኖች ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ከመካከለኛው መመልከቻ አጠገብ ካሜራ አለ። ከመስመር ስንወጣ የሚያስጠነቅቀን፣ እግረኛ ሲገባብን ፍሬን የሚይዘው በዚህ ካሜራ እያየ ነው። መስታወቱ ሲቀየር ካሜራው ይነቃነቃል። በትንሹ እንኳ ቢዛነፍ ርቀት ላይ ያለውን ነገር በትክክል አያይም። ኪዩል የሚባለው ማስተካከያ በጋራዥ ውስጥ ምልክት ሰሌዳ ፊት ለፊት አቁሞ፣ ወይም በመንገድ ላይ እየነዱ ይደረጋል፤ እንደ መኪናው ይለያያል። መብራት ባይበራም እንኳ ኪዩል እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፤ መደረጉንም በወረቀት ተቀበሉ።

ትምህርት ስድስት፦ ከተቀየረ በኋላ

ሙጫው እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። የሚፈልገው ጊዜ እንደ ሙጫው ዓይነት፣ እንደ ሙቀቱና እንደ አየሩ እርጥበት ይለያያል። ስለዚህ «ከስንት ሰዓት በኋላ ልንዳ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሉትንም ጠብቁ። ልጆች የምታመጡበት ሰዓት ከደረሰ ሌላ ሰው ላኩ። በቀን ሥራ የምትከፈሉ ከሆናችሁ ቀጠሮውን ከፈረቃችሁ በኋላ ያዙ፤ ቤት ድረስ የሚመጡ ሠራተኞችም አሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ መስኮት ጥቂት ክፍት ተዉ፣ በር ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ለጥቂት ቀናት ግፊት ባለው ውሃ አታሳጥቡ። በመጀመሪያው ዝናብ ውሃ ከገባ፣ ወይም ስትነዱ አዲስ የንፋስ ፉጨት ከሰማችሁ፣ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ትምህርት ሰባት፦ ይህ ደግሞ የነርሷ ነው

የጎን መስታወት ሲሰበር ቁርጥራጩ ሁሉ ቦታ ይገባል። የሕፃን መቀመጫ ካለ ልጁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ጨርቁን አውጥታችሁ አራግፉ፤ ቀበቶውንና መቆለፊያውን በመጥረጊያ ማሽን አጽዱ። በእጃችሁ አትዳብሱ፤ ወፍራም ጓንት አድርጉ።

ዓይን ውስጥ መስታወት ከገባ አትሹ፣ አትጫኑ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ። በሰውነት ውስጥ የተሰካ ትልቅ ቁራጭ ካለ አትንቀሉት፤ ደሙን የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። በዙሪያው ጨርቅ ይዛችሁ ወደ 101፣ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ። ትንሽ ቁስል ከሆነ በውሃና በሳሙና እጠቡት። የቴታኑስ ክትባት መቼ እንደወሰዳችሁ ካላስታወሳችሁ ወደ ክሊኒካችሁ ጎራ በሉ።

አባቴ አሁን በመኪናው ውስጥ አንዲት ወረቀት አስቀምጧል። የሶኼኑ ስልክ፣ የመስታወት አገልግሎቱ ስልክና የሻንሲ ቁጥሩ በአማርኛ ተጽፎባታል። እናንተም ዛሬ ማታ፣ ምንም ነገር ሳይሰበር፣ የቢቱዋሕ ወረቀታችሁን አውጡና ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት። ልጆችም፣ አባታችሁ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። በሰላም ግቡ።